«እሷ ከመጣች እኔ ወጥ ቤት ነኝ»፦ የአንድ ሰርግ የጉዳይ ጥናት

ለምን እንደጻፍኩት

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ማስወጣት፣ ሰርግ ሲሆን ወንበርና ሰሃን ቆጥሮ ማስረከብ የእኔ ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት የሰፈራችን ሰው ሁሉ ልጁን ሲድር የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። የበሬ ዋጋ ወንድማማቾችን ሲያጣላ አይቻለሁ። ካርድ ያልደረሰው ጎረቤት ዓመት ሲያኮርፍም አይቻለሁ። በጥር 2016 ያየሁት ግን ለብቻው ነው። ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳን አንድ ጥያቄ ነበር፦ የሙሽሪት እናት ትመጣለች ወይስ አትመጣም?

ቤተሰቡ ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። የሰውም የሰፈርም ስም አልጠቅስም። ከተማው አዲስ አበባ ነው፤ ይህ ይበቃል።

የኋላ ታሪኩ

እናትየው ወደ ቤይሩት ስትሄድ ሙሽሪት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። 1996 ዓ.ም. መሆኑ ነው። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ነበር የሄደችው። ያኔ ከየሰፈሩ ብዙ ሴቶች እንዲሁ እያሉ ይሄዱ ነበር። እሷ ግን 17 ዓመት ቆየች።

ልጅቷን ያሳደገቻት የአባቷ እህት ናት። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያስተማረቻት። ልጅቷ «እማ» የምትለው እሷን ነው። ስለ ወላጅ እናቷ ስታወራ «ሴትየዋ» ትላለች። እንዲህ ስትል ድምጿ ላይ ቁጣ የለም፤ ስለ ሩቅ ጎረቤት እንደምታወራ ነው።

መጀመሪያ ገንዘብ ይመጣ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል መጣና ቆመ። እናትየው «ከዚያም በኋላ በሰው እልክ ነበር» ትላለች፤ አክስትየው «አንድ ብር አላየሁም» ትላለች። በ2004 የልጅቷ አባት ሞተ። እናትየው ለለቅሶ አልመጣችም። ስልክም አልደወለችም። አርባው ወጣ፣ ሰማንያው ወጣ፣ ሙት ዓመቱ ወጣ፤ ዝም። ገንዘቡን ሰው ሊረሳው ይችላል። ለቅሶ መቅረትን ግን ማን ይረሳል? ቤተሰቡ በሩን የዘጋው ያን ጊዜ ነው።

በ2012 ሊባኖስ ላይ ምን እንደደረሰ የምታስታውሱት ነው። ኢኮኖሚው ተንኮታኮተ። አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን እያመጡ ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። እናትየው ከዚያ በኋላ፣ በ2013 መጀመሪያ፣ ቤይሩት ከወለደችው ትንሽ ልጅ ጋር ተመልሳ አዳማ ገባች። አዲስ አበባ አልመጣችም።

ችግሩ

በግንቦት 2015 የሙሽራው ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ነበሩ። እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፤ ተለምነው ተቀመጡ። ነገሩ ሁሉ ባማረ ሁኔታ ካለቀ በኋላ አንደኛው ሽማግሌ ቡናቸውን እየጠጡ «የልጅቷ እናትስ የት ናቸው?» አሉ። ከእኛ ወገን አንዱ ቀልጠፍ ብሎ «አረብ አገር ናት» አለ። ሁላችንም ሰማን። ሁላችንም ዝም አልን። ሴትየዋ ያኔ አዳማ ከገባች ሁለት ዓመት ተኩል አልፏት ነበር።

ይቺ ትንሽ ውሸት ኋላ ላይ እግራችንን አሰረችው።

ኅዳር 2016 ላይ፣ ካርድ ልናሳትም ስንል፣ እናትየው ወንድሟ ጋ ደወለች። ከእሷ ጋር የሚገናኘው እሱ ብቻ ነው። «ልጄ ልትዳር ነው አሉኝ። ሳይጠሩኝም ቢሆን…» አለችና መስመሩ ተቋረጠ። ሲደውልላት አታነሳም። ኮሚቴያችን በዚህች ግማሽ ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለት ስብሰባ ተቀመጠ። ሳይጠሩኝም ቢሆን እመጣለሁ ነው? ሳይጠሩኝም ቢሆን ደስ ብሎኛል ነው?

ወሬው አክስትየው ጆሮ ሲገባ ግቢ ውስጥ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። እጇ አላቆመም። «እሷ ከመጣች እኔ ወጥ ቤት ነኝ። እዚያው ያምርብኛል» አለች። በቃ። ከዚያ ቀን በኋላ ጉዳዩን በአፏ አላነሳችውም።

በእኛ ሰርግ የእናት ቦታ የሚታይ ነገር ነው። ወንበር አለው። የሚሳም ጉልበት አለ። ካሜራ አለ። ማይክ የያዘው ሰው «የሙሽሪት እናት!» ብሎ ይጣራል፤ እልል ይባላል። ያ ወንበር ደግሞ አንድ ነው። አክስትየው ይህን ገና ከመጀመሪያው አውቃዋለች። እኛ ለማወቅ ወር ፈጀብን።

ያልሠሩት እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግነው መደበቅ ነው። «ልጅቷ እንዳትረበሽ» ብለን የስልኩን ነገር አልነገርናትም። በአራተኛው ቀን የአጎቷ ልጅ በቴሌግራም «እናትሽ ልትመጣ ነው አይደል?» ብላ ጻፈችላት። ሙሽሪት ማታ በራችንን አንኳኳች። «ጋሼ፣ የሰርጌ ኮሚቴ ናችሁ ወይስ የእኔ ጠባቂ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ቀጥሎ ጥበቃ አሰብን። ሁለት ጎረምሶች አዳራሹ በር ላይ ይቆማሉ፤ ሴትየዋ ስትመጣ በዘዴ ይመልሷታል። ለመለያ ፎቶ ተሰጣቸው። ፎቶው 1995 ላይ የተነሳችው ነው፤ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ የምትስቅ ወጣት። ከ20 ዓመት በኋላ በዚያ ፎቶ ማንን እንደሚመልሱ እግዜር ይወቅ። የአንዱን እንግዳ አክስት መልሰው ሌላ ጠብ ይወልዱ ነበር። ደግነቱ ሐሳቡን ሳንጠቀምበት ተውነው።

አንድ ዘመድ ደግሞ «እናቷ ጋብቻውን ብታሳግድስ?» ብሎ ሽብር ለቀቀ። ይሄኛውን በቶሎ ዘጋነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ የሚጸናው በተጋቢዎቹ ፈቃድ ነው ይላል። 18 ዓመት ላለፈው ሰው የወላጅ ስምምነት አያስፈልግም። የእናት ቅሬታ የ27 ዓመት ሴት ጋብቻ አያግድም። ማዘጋጃ የሚፈልገው ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ምስክር ነው፤ ምስክሮቹም ተዘጋጅተው ነበር።

ትልቁ ስህተት የመጀመሪያው የአዳማ ጉዞ ነው። እናትየው ስልክ ካላነሳች ሰው ይሂድ ተባለ። አንድ አጎትና አንድ የኮሚቴ አባል ሄዱ። የሄዱት «እባክሽ ለልጅቷ ስትይ ቅሪ» ሊሏት ነው። ቡና አፍልታ ተቀበለቻቸው። መልእክታቸውን ሲናገሩ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ይህን ያለችው ልጄ ናት?» ተያዩ። ልጅቷ አልላከቻቸውም፤ መሄዳቸውንም አታውቅም። «እንግዲያው እናንተ ማን ናችሁ?» ብላ ከሁለተኛው ስኒ በፊት ሸኘቻቸው። ከዚያ በኋላ የወንድሟንም ስልክ ጭራሽ ዘጋች። ከጉዞው በፊት ቢያንስ ሰው ልከን ልናናግራት እንችል ነበር። ከጉዞው በኋላ ትምጣ አትምጣ የምንሰማበት መንገድ አጣን።

ነገሩ የተፈታበት መንገድ

ተጋቢዎቹ በተክሊል ነው የሚጋቡት፤ ስለዚህ ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። የነፍስ አባቷ ለዚያ ሲያዘጋጇት «ልጄ፣ ቂም የያዝሽበት ሰው አለ?» ብለው ጠየቋት። አለቀሰች። ቤተሰቡ ለሁለት የተከፈለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «ይኸው፣ እግዚአብሔርም ይቅር በዪ እያለሽ ነው፤ እናትሽን ጥሪ» አላት። ሌላው «አባ ነገሩን ስላላወቁ ነው» አለ።

አባ ግን ነገሩን አውቀውታል። በማግስቱ ከእሷና ከእኔ ጋር ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ያሉት ይህን ነው፦ «ቂም መተው ላንቺና ለእግዚአብሔር ነው፤ ዛሬ ይቻላል። መታረቅ ለሁለት ሰው ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። ሰርግ ላይ የት ትቀመጥ የሚለው ደግሞ የሥርዓት ጉዳይ ነው፤ እሱን ከጸሐፊው ጋር ጨርሱት።» ወደ እኔ እያዩ ፈገግ አሉ። እኛ ሦስቱን ነገር አንድ ላይ ቋጥረን ነበር ስንጎትት የከረምነው።

ከዚያ ሙሽሪትን ደብተር ሰጥቼ ብቻዋን አስቀመጥኳት። ቤታችን ውስጥ፣ ከማንም ራቅ አድርጌ። «የምትፈልጊውን ጻፊ፣ የምትችዪውን ብቻ» አልኳት። አንድ ሰዓት ፈጀባት። የወጣው አራት መስመር ነው። ቤተክርስቲያን ትምጣ፤ ደስ ይለኛል። ቤት ጉልበት ሲሳም አትኑር። አዳራሽ ከመጣች እንደ ማንኛውም እንግዳ ትስተናገድ፤ ማይክ ላይ አትጠራ። የእናት ወንበር የእማ ነው።

የቤተክርስቲያኑ ሐሳብ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ቆይቶ ብልህነቱ ታየኝ። ቅዳሴ ላይ የሙሽሪት እናት የሚባል ወንበር የለም። ሁሉም ሴት ነጠላውን ተከናንቦ ይቆማል። ማንም ማንንም ሳያፈናቅል መገኘት የሚቻልበት የዚያ ቀን ብቸኛ ቦታ እሱ ነበር።

ሁለተኛውን መልእክት ይዘው የሄዱት የእናትየው የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ወንድ አልተላከም። ወረቀቱን በሙሽሪት እጅ ጽሑፍ እንደተጻፈ ወሰዱት። አዳማ አድረው ተመለሱ። እናትየው ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብባ አጥፋ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ፣ ማንም ያልጠየቃትን ነገር ተናገረች። ባሏ በሞተ ጊዜ ፓስፖርቷ በእጇ አልነበረም። እመቤቲቱ ቆልፋበት ነበር። በከፋላ ሥርዓት፣ የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር በሚታሰርበት በዚያ አገር ደንብ፣ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ የሚሠራበትን ቤት መቀየር አይችልም፤ አሠሪ የሠራተኛውን ፓስፖርት መያዙም የተለመደ ነው። ስልክ ያልደወለችው ደግሞ «ደውዬ ምን ልበል?» ብላ አፍራ ነው።

ይህ ሁሉንም ነገር አያስረዳም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ስምንት ዓመታት አያስረዳም። አክስትየውም ስትሰማ ይህንኑ ነው ያለችው፤ እውነቷን ነው። ግን በ12 ዓመት ውስጥ «ለምን ቀረሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። የገንዘቡን ጉዳይ ግን አላነሳነውም። ከሰርግ በፊት ሒሳብ አይወራረድም ብዬ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሬዋለሁ።

«ትመጫለሽ ወይ?» ለሚለው የሰጠችው መልስ «እግዜር ያውቃል» ነው። ስለዚህ ለሁለቱም ተዘጋጀን። የልጅነት ጓደኛዋ ከቤተክርስቲያን ጀምሮ ከጎኗ እንዲሆኑ ተመደቡ። አዳራሽ ውስጥ ከሙሽሪት ጠረጴዛ አምስተኛው ላይ ሁለት ወንበር ተያዘ። ለፎቶ አንሺው፣ ለመድረክ መሪውና ለዲጄው የሚጠሩ ስሞች በወረቀት ተሰጡ። የእናት ዘፈን እንዳይለቅ ዲጄው ተነገረው።

የቀረው የሙሽራው ወገን ነበር። እኔና የሙሽሪት አጎት ሄደን ውሸታችንን ተናዘዝን። የሙሽራው አባት ለአፍታ ዝም አሉና «የእኔ ታናሽ እህትም ከቤት ከወጣች ስንት ዘመኗ። ለሽማግሌ ብትነግሩት ኖሮ የተለየ ጥያቄ ባልጠየቅን» አሉ። ሰባት ወር የፈራነው ነገር በአንድ ስኒ ቡና አለቀ።

ዕለቱ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቤተክርስቲያን ደረስን። ብርዱ የጥር ነው። ቅዳሴው ተጀምሮ ጥቂት እንደቆየ ጓደኛዋ መጥተው እጄን ነካ አደረጉኝ። እናትየው ቅጥሩ ውስጥ ገብታለች፤ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ግን አልገባችም። ጥዱ ዛፍ ሥር ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆማለች። ፎቶው ላይ ያለችውን ወጣት ጭራሽ አትመስልም።

ሙሽሮቹ ካባቸውን እንደለበሱ ሲወጡ እልልታው ቀለጠ። ሙሽሪት አየቻት። ወደ እሷ ሄደች። እንደ ዘመድ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ሦስት ጊዜ። እናትየው ምንም አላለችም። የካባው ጥልፍ ጫፍ በጤዛ ርሶ ነበር። ጎንበስ ብላ በነጠላዋ ጠረገችው። ከዚያ ቀና አለችና «በርቺ፣ ይበርድሻል» አለቻት። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ቤት ውስጥ አክስትየው በወንበሯ ተቀመጠች። ጉልበቷ ተሳመ። መረቀች። ድምጿ ተሰብሮ ግማሹ አልተሰማም። ወጥ ቤት አልገባችም። እናትየው ወደ ቤትም ወደ አዳራሽም አልመጣችም። አምስተኛው ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ዋሉ።

ያልተሳካው

ዲጄው። የሚጠሩትን ስሞች በወረቀት ሰጥተን፣ በቃል ነግረን፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የእናት ዘፈን ለቀቀ። «ሰርግ ያለሱ አይደምቅም ብዬ ነው» አለ በኋላ። ሙሽሪት ለ20 ደቂቃ ከአዳራሽ ወጣች። ዲጄን አንድ ቀን ቀድሞ ሳይሆን እዚያው አጠገቡ ቆሞ ነው መጠበቅ። ጎረምሶቹን ለበር ሳይሆን ለዚያ ብናውላቸው ይሻል ነበር።

ከዲጄው የከበደው ግን የአክስትየው ነገር ነው። የመልስ ቀን አልመጣችም። «ደክሞኛል» አለች። ማታ ሄጄ ሳናግራት ስለ ድካም አላወራችም። «ሁለት ወር ሙሉ ስለ እሷ ነው የተሰበሰባችሁት። አዳማ ሁለት ጊዜ ሰው ልካችኋል። እኔ ጋ ሰው የላከ አለ? ሁለት በር አልፋችሁ ነው ያለሁት» አለችኝ። ቃለ ጉባኤዎቼን ሳገላብጥ እውነት ነው። የእሷ ስም የተጠቀሰው «በርበሬና ቅቤ» በሚለው ሥር ነው።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

እንዲህ ያለ ነገር ለገጠመው ኮሚቴ ከዚህ የምሰጠው የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው፦ የሚመጣውን ሰው ስታስቡ ያለውን ሰው አትርሱ። የራቀው ሰው ጥያቄ ስለሆነ ስብሰባ ይጠራለታል። ያሳደገው ሰው ግን መልስ ነው፤ ስለዚህ ማንም አያናግረውም። አክስትየውን በመጀመሪያው ሳምንት «ምን ይሻልሻል?» ብለናት ቢሆን ግማሹ ሥራ ያልቅ ነበር።

ሁለተኛው፣ ያለ ባለቤቱ ቃል መልእክተኛ አይላክ። ልጅቷ በእጇ የጻፈችው አራት መስመር ሁለት ትልልቅ ሰዎች ያበላሹትን አስተካከለ። መልእክቱም «አትምጪ» ብቻ መሆን የለበትም፤ የት መምጣት እንደሚቻል ይንገር።

ሽማግሌ ሲጠይቅ እውነቱን መንገር ይሻላል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይረሳዋል። ደግሞም ሰው መምጣት አለመምጣቱን ለማወቅ አትድከሙ። «ትመጣለች ወይ?» የሚለውን ትተን «ከመጣች ማን ይቀበላት? የት?» ብለን ስንጠይቅ ነው መተንፈስ የጀመርነው።

ዕርቁን ለሰርጉ ቀን ማድረግን የሚመክሩ አሉ። «ቀኑ ራሱ ያስታርቃል» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሙሽራ በዚያ ቀን እንኳን 20 ዓመት ለመሸከም፣ ቬሎዋን ለመሸከምም አቅም የላትም።

ከዚያ ወዲህ

እናትና ልጅ በወር አንድ ጊዜ ያህል በስልክ ይነጋገራሉ። ብዙ አያወሩም ይባላል። አክስትየውን እኔና ሁለት የኮሚቴ አባላት ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ቡናዋን አፍልታ ዝም ብላ ሰማችን። አሁንም እንጀራ ታመጣልናለች።

አንድ ያልተዘጋ ነገር አለ። ያን ቀን ጠዋት እናትየው ከመሄዷ በፊት ለጓደኛዋ ፖስታ ሰጥታ ነበር። 3,000 ብር አለበት። «ለሙሽሪት አይደለም፣ ላሳደገችልኝ ነው» ብላለች። አክስትየው አልቀበልም አለች። መልሰን ስንልክ እናትየውም አልቀበልም አለች። ፖስታው እኔ ጋ ነው፤ ከእድሩ ማኅተም ጋር በቁልፍ። የስጦታ መዝገቡ ላይ የብሩን መጠን ጽፌዋለሁ። የሰጪና የተቀባይ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።